የወጣቶች ማኅበራዊ ትስስር

የወጣቶች ማኅበራዊ ትስስር አንድ ወጣት ከቤተሰቡ፣ ከእኩዮቹ፣ ከጎረቤቶቹ፣ ከትምህርት ቤቱና ከአካባቢው ተቋማት ጋር ያለው ግንኙነት፣ በዚህም ግንኙነት የሚያገኘው እርዳታ፣ መረጃ፣ መተማመንና የወገንነት ስሜት ነው። ጉዳዩን ሶሺዮሎጂ፣ ሥነ ልቦና፣ የኅብረተሰብ ጤናና የልማት ጥናት በየፊናቸው ያጠኑታል። ጥናቱ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ያጠነጥናል፦ ትስስር እንዴት ይለካል? በጎደለበት ቦታስ እንዴት ይገነባል? ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ችግር ያያይዛቸዋል፤ ትስስር የሌለው ወጣት ለቆጣሪም ሆነ ለረጂ በቀላሉ አይታይም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለስታቲስቲክስ ሥራው ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 24 ዓመት ያለውን ሰው ነው። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ግን ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ይጨምራል። በትስስር ጥናቶች ውስጥ ከ10 ዓመት ጀምሮ ያሉ ታዳጊዎችም ይካተታሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ትርጉምና ተዛማጅ ቃላት

በጥናቶች ውስጥ ተቀራራቢ የሆኑ አራት ቃላት ይገኛሉ፤ ይሁንና እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ይለካሉ።

- ማኅበራዊ መነጠል በቁጥር የሚታይ ነው፤ ሰውዬው ከስንት ሰው ጋር፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚገናኝ ያሳያል።
- ብቸኝነት ስሜት ነው፤ ሰው የሚፈልገው ግንኙነትና ያለው ግንኙነት ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ይመጣል።
- ማኅበራዊ ድጋፍ በችግር ጊዜ የሚገኝ የገንዘብ፣ የጉልበት፣ የምክርና የማጽናናት እርዳታ ነው።
- ማኅበራዊ ካፒታል ግንኙነት ራሱ እንደ ሀብት ሲታይ የሚሰጠው ስም ነው፤ ሥራ ለማግኘት፣ ለመማር ወይም ብድር ለመውሰድ የሚያስችል ትውውቅን ይመለከታል።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ግልጽ ይሆናል። ከገጠር መጥታ ስምንት ሰው በሚኖርበት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጃገረድ ቀኑን ሙሉ ከሰው መካከል ስለምትውል በቁጥር ሲታይ የተነጠለች አትመስልም። ብትታመም የሚያስታምማት፣ ደመወዟ ቢከለከል የሚሟገትላት ከሌለ ግን ድጋፍ የላትም። መለኪያው የትኛውን እንደሚጠይቅ ካልታወቀ ውጤቱ ያሳስታል።

## የጽንሰ ሐሳቡ ታሪክ

ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ኤሚል ዱርኬም በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት ባሳተመው ጥናት፣ የግል የሚመስል ውሳኔ እንኳ ከኅብረተሰቡ ጋር ካለ ቁርኝት ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ የገጠር ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ኤል. ጄ. ሃኒፋን በ1916 ባወጣው ጽሑፍ ማኅበራዊ ካፒታል የሚለውን አባባል ተጠቅሟል። ሃኒፋን የጎረቤታሞች መሰባሰብ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ጥቅም ለማስረዳት ስለ ጻፈ፣ ሐሳቡ ከመነሻው ከልጆችና ከወጣቶች ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ይቻላል።

ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ስለ ልል ትስስሮች ባሳተመው ጽሑፍ፣ አዲስ ወሬና የሥራ መረጃ በብዛት የሚመጣው አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ትውውቅ እንደሆነ አሳየ። የቅርብ ጓደኛሞች የሚያውቁት ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱ ለሌላው አዲስ መረጃ የሚያመጣው ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቡርድዩ ትውውቅ የመደብ ልዩነትን ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚያስተላልፍ መረመረ። ጄምስ ኮልማን ደግሞ በ1988 ባቀረበው ጥናት የአንድ ልጅ ወላጆች የልጃቸውን ጓደኞች ወላጆች የሚያውቁ ከሆነ፣ ልጁ ትምህርቱን የማቋረጡ ዕድል እንደሚቀንስ ተከራከረ። ሮበርት ፑትናም በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን ለሰፊው አንባቢ አስተዋወቀ።

ከእነዚህ ጥናቶች በኋላ ትስስርን በሦስት መክፈል የተለመደ ሆነ። አቀራራቢ ትስስር በቤተሰብ፣ በጎሣ፣ በሃይማኖትና በሰፈር የሚመሳሰሉ ሰዎችን ይይዛል። አሻጋሪ ትስስር በኑሮ ወይም በማንነት የሚለያዩትን ያገናኛል። አድራሽ ትስስር ደግሞ ወጣቱን ሥልጣን ወይም ሀብት ካለው ሰውና ተቋም ጋር ያገናኛል፤ ከመምህር፣ ከጤና ባለሙያ፣ ከቀበሌ ሹም ወይም ከቀጣሪ ጋር ያለ ትውውቅ የዚህ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ክፉ ቀንን ለማለፍ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ኑሮን ለመለወጥ ይበልጥ ይጠቅማሉ ተብሎ ይታመናል።

## አለካክ

### ስም የማስጠራት ዘዴ

በ1934 ያኮብ ሞሬኖ ሶሺዮሜትሪ የተባለውን ዘዴ ያስተዋወቀበትን መጽሐፍ አሳተመ። ልጆች አጠገባቸው ማን እንዲቀመጥ እንደሚፈልጉ ይጠየቃሉ፤ መልሱ በነጥብና በቀስት ሲሣል ብዙዎች የሚመርጡት ልጅና ማንም ያልመረጠው ልጅ ይለያሉ። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። በአሜሪካ በ1994 እና 1995 በተጀመረው አድ ሄልዝ በተባለው ጥናት ከ90,000 በላይ ተማሪዎች ቅጽ ሞልተዋል፤ እያንዳንዱ ተማሪ እስከ አምስት ወንድና እስከ አምስት ሴት ጓደኞች እንዲጠቅስ ተጠይቋል። የሁሉም መልስ ሲገጣጠም የትምህርት ቤቱ የወዳጅነት መረብ ይታያል። አንዱ ጓደኛዬ ያለው ሰው እሱን ያልጠቀሰበት አጋጣሚም ይገለጣል፤ ይህን የአንድ ወገን መልስ ብቻውን ሊያሳይ አይችልም።

### የስሜትና የድጋፍ ቅጾች

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በ1978 የተዘጋጀው የብቸኝነት መለኪያ 20 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ከጊዜ በኋላ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭር ቅጽ ወጥቶለታል። በ1988 የታተመው የዚሜትና የባልደረቦቹ የድጋፍ መለኪያ ደግሞ በ12 ዓረፍተ ነገሮች ከቤተሰብ፣ ከጓደኛና ከአንድ ልዩ ቅርብ ሰው የሚገኘውን ድጋፍ ለየብቻ ይመዝናል።

### የሀብት ጥያቄ

ናን ሊንና ሜሪ ዱሚን በ1986 ያቀረቡት ዘዴ የሥራ ዓይነቶችን ዘርዝሮ ተጠያቂው በየሥራው የሚያውቀው ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ዘዴው ወጣቱ ከራሱ ኑሮ ውጭ ያለው ዓለም ምን ያህል እንደሚከፈትለት ያሳያል። አንዲት ተማሪ ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም የባንክ ሠራተኛ አታውቅም ማለት ስለእነዚህ ሥራዎች የምትጠይቀው ሰው የላትም ማለት ነው።

በድሃ ሰፈሮች ለሚደረግ ጥናት ይበልጥ የሚስማሙት ተጨባጭ ጥያቄዎች ናቸው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት በአፍሪካ ልጃገረዶች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች እንደሚከተሉት ያሉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦

- በሰፈርሽ ጓደኛ አለሽ?
- ጓደኞችሽን ያለ ስጋት የምታገኚበት ቦታ አለ?
- ችግር ቢደርስብሽ አንድ ሌሊት የምታድሪበት ቤት አለሽ?
- ገንዘብ በድንገት ቢያስፈልግሽ የሚያበድርሽ ሰው አለ?

ተጠያቂዋ ስሜቷን በቁጥር እንድትመዝን አይፈለግም። አለ ወይም የለም ብላ ትመልሳለች፤ መልሷም ምን እንደጎደላት በቀጥታ ያሳያል።

### ግዙፍ መረጃዎች

በ2022 ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 44 የሆኑ የ72.2 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን 21 ቢሊዮን የወዳጅነት ግንኙነቶች መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ጋር በብዛት በሚወዳጁባቸው አካባቢዎች፣ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች ሲያድጉ የተሻለ ገቢ እንደሚያገኙ ተመለከቱ። በጥናቱ መሠረት የሀብታምና የድሃ አለመወዳጀት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በአንድ ቦታ ካለመገናኘት ሲሆን፣ የቀረው ግማሽ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ሰፈር እየዋሉም ካለመቀራረብ ነው። ስለዚህ ልጆችን አንድ ግቢ ማስገባት ብቻውን ወዳጅነትን አያመጣም።

### የአለካክ ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር ማን እንደተጠየቀ ነው። በትምህርት ቤት የሚሞላ ቅጽ ትምህርት ያቋረጠውን ይዘላል። ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራም ቢሆን የቤቱ ባለቤት ሠራተኛዋን ከቤተሰቡ አባላት ጋር ካልጠቀሳት ያልፋታል። ጎዳና ላይ የሚያድር ልጅ ደግሞ የሚንኳኳ በር የለውም።

ሁለተኛው የመጠይቁ ሁኔታ ነው። አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እየሰማች የምትጠየቅ ልጅ የሚረዳት እንደሌለ በነጻነት አትናገርም። በዚህ ምክንያት ጠያቂና ተጠያቂ ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ መፈለግ የጥናቱ አካል ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ጓደኛዬ» የሚለው ቃል የልብ ወዳጅን፣ የክፍል ባልደረባን ወይም የፍቅር ጓደኛን ሊያመለክት ይችላል። «ዘመድ» ወንድምንም፣ በስም ብቻ የሚታወቅ የሩቅ ዝምድናንም ይይዛል። በሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ ቅጽ እንዳለ ከተተረጎመ መልሶቹ የማይወዳደሩ ይሆናሉ።

አራተኛው ምክንያትን ከውጤት የመለየት ችግር ነው። ጓደኛ ያለው ወጣት ጤናማ ሆኖ ቢገኝ፣ ጓደኝነቱ ጤና ሰጥቶት ወይም ጤናው ጓደኛ ለማፍራት ረድቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ወጣቶችን ለዓመታት መከታተል ወይም ፕሮግራም የገባበትን ቦታ ካልገባበት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

## የትስስር ግንባታ

### መካሪ ማገናኘት

በስፋት ከተጠኑት ዘዴዎች አንዱ ወጣቱን ከዘመዱ ውጭ ካለ ታላቅ ሰው ጋር ማገናኘት ነው። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የታወቀው ድርጅት ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ፣ ማለትም ታላቅ ወንድሞችና ታላቅ እህቶች ይባላል። በ1995 የታተመ ጥናት 959 ታዳጊዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል፤ ወዲያው መካሪ እንዲፈለግላቸው የተመደቡት ታዳጊዎች ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ አደንዛዥ ዕፅ የመጀመራቸው ዕድል በ46 በመቶ ያነሰ ነበር።

የዚያው ጥናት መረጃ በጂን ግሮስማንና በጂን ሮድስ እንደገና ተመርምሮ በ2002 ሲታተም ማስጠንቀቂያ ተገኘበት። ከመካሪያቸው ጋር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ከሁሉም በላይ ተጠቅመዋል። ግንኙነታቸው በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ቀንሶ ተገኝቷል። ብዙ ሰው ጥሎት የሄደ ልጅ አንድ ሰው ተጨምሮ ጥሎት ሲሄድ ይጎዳል። ስለዚህ መካሪ የሚያገናኝ ፕሮግራም ከቁጥሩ ይልቅ ቆይታውን መጠበቅ አለበት።

### የአይስላንድ ተሞክሮ

በ1990ዎቹ የአይስላንድ ታዳጊዎች በአልኮል አጠቃቀማቸው ከአውሮፓ ግንባር ቀደም ከሆኑት መካከል ነበሩ። ሀገሪቱ ተማሪዎችን በተከታታይ መጠየቅ ጀመረች። ጥያቄዎቹ ስለ መጠጥ ብቻ አልነበሩም፤ ከወላጅ ጋር ስለሚያሳልፉት ጊዜና ከትምህርት በኋላ ስለሚውሉበት ቦታም ነበሩ። ውጤቱ ወደ እያንዳንዱ ከተማና ትምህርት ቤት በፍጥነት ስለሚመለስ ወላጆች የሩቅ ሀገር ሳይሆን የገዛ ሰፈራቸውን ልጆች ሁኔታ ያዩ ነበር። ከዚያም የወላጆች ኅብረት ተጠናከረ፤ ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሥነ ጥበብ መክፈያ የሚሆን ድጎማ ለቤተሰቦች ተሰጠ። በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ታዳጊዎች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወረደ።

ተቺዎች በዚያው ዘመን በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የታዳጊዎች መጠጥ እንደቀነሰ ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ ለውጡ ሁሉ የፕሮግራሙ ነው ማለት አይቻልም። ከተሞክሮው በብዙ አገሮች የተወሰደው ትምህርት መረጃው ለተጠየቁት ሰዎች መመለሱ ነው።

## በኢትዮጵያ

### ነባር ተቋማት

በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ትስስር የረጅም ጊዜ ተቋማት አሉት። እድር ለቀብርና ለሐዘን፣ እቁብ ለቁጠባ፣ ደቦና ወንፈል ለእርሻ ሥራ፣ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ለሃይማኖታዊ ኅብረት ያገለግላሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረትም የጎረቤትን ቦታ ያሳያል። ወጣቶችን በተለይ የሚመለከቱም አሉ፤ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ከወላጅ ውጭ ለልጁ ኃላፊነት የሚወስዱ ታላላቆች ናቸው። የቡሄ ጭፈራ ወንዶችን፣ አሸንዳና ሻደይ ልጃገረዶችን በእኩያ ያሰባስባሉ። ሚዜነትም በጓደኝነት ላይ የዕድሜ ልክ ኃላፊነት ይጨምራል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የቁርኣን መማሪያዎች ወጣቶች በየሳምንቱ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ብዙዎቹ ወጣቱን የሚያቅፉት በቤተሰቡ በኩል ነው። በእድር መዝገብ የሚሰፍረው በአብዛኛው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ነው። ወደ እቁብ ለመግባት ቋሚ ገቢ፣ ዕጣው ሲደርስ ደግሞ ዋስ ይጠየቃል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ከተማ የመጣ ወጣት ከአገሩ ልጅ በስተቀር የሚይዘው የለም፤ የአገሩ ልጅ ካላገኘ የሚቀበለው ደላላ ነው።

### የአዲስ አበባ ጥናቶች

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አናቤል ኤሩልካርና ባልደረቦቿ በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች የሚኖሩ ታዳጊዎችን አጠኑ። ወደ ከተማዋ ፈልሰው የመጡ ብዙ ልጃገረዶች በቤት ሠራተኝነት ለረጅም ሰዓት፣ በትንሽ ክፍያ እንደሚሠሩና ጓደኛ እንደሚያጡ ተገኘ። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት በከተማዋ ለወጣቶች የተከፈቱ አገልግሎቶችን እነማን እንደሚጠቀሙባቸው መረመረ። ወደ ወጣት ማዕከላት ከሴቶች ይልቅ ወንዶች፣ ከታናናሾቹ ይልቅ ታላላቆቹ በብዛት ይሄዱ ነበር። የማዕከሉ በር ለሁሉም ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከቤት ለመውጣት ፈቃድ፣ ጊዜና አብሮ የሚሄድ ጓደኛ ያስፈልጋል። እነዚህ የሌሏት ልጅ፣ ማለትም ማዕከሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት፣ ትቀራለች።

### ብርሃነ ሔዋን

ብርሃነ ሔዋን በ2004 በአማራ ክልል ገጠር ያለዕድሜ ጋብቻን ለማዘግየት የተጀመረ ፕሮግራም ነው። ልጃገረዶች በሴት መካሪዎች በሚመሩ ቡድኖች ይሰበሰቡ ነበር። ለትምህርት ቤት ቁሳቁስ ይሰጣቸው፣ ከማኅበረሰቡም ጋር ውይይት ይካሄድ ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ ያቆዩ ቤተሰቦችም የቤት እንስሳ ይሸለሙ ነበር። በ2009 የታተመው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ የመዳር ዕድላቸው ግን እጅግ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ከ15 እስከ 19 ዓመት በነበሩት ላይ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ፤ በጥናቱ ማብቂያ አግብተው የመገኘት ዕድላቸው ከንጽጽሩ አካባቢ ከፍ ያለ ነበር። አንድ ፕሮግራም በየዕድሜው ተለይቶ ካልተለካ እንዲህ ያለ ልዩነት ተሸፍኖ ይቀራል።

### ብሩህ ተስፋ

በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ ከትምህርት ገበታ ውጭ ለሆኑ የከተማ ልጃገረዶች የተዘጋጀ ነበር። ልዩ የሚያደርገው የአመላመል ዘዴው ነው። ማዕከል ከፍቶ ከመጠበቅ ይልቅ ከዚያው ሰፈር የተመረጡ ሴት መካሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጃገረዶቹን ፈለጉ። የቤት ሠራተኛ ሲያገኙ ከአሠሪዋ ጋር ተነጋግረው በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት እንድትወጣ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። ስብሰባው ይካሄድ የነበረው በቀበሌ አዳራሾችና በመሰል ቦታዎች ሲሆን ፊደል መቁጠር፣ የሕይወት ክህሎት፣ ገንዘብ አያያዝና ስለ ኤች አይ ቪ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። በ2013 የታተመ ግምገማ ፕሮግራሙ በነበረበት ቦታ ያሉ ልጃገረዶች ማኅበራዊ ድጋፍ አለን የማለት ዕድላቸው፣ እንዲሁም ስለ ኤች አይ ቪ ያላቸው እውቀት ከንጽጽሩ ቦታ የተሻለ እንደነበር አመልክቷል።

ከእኩያ ጓደኝነት በተጨማሪ ፕሮግራሙ ያስገኝ የነበረው አድራሽ ትስስር ነው። መካሪዋ በሰፈሩ የምትታወቅ በመሆኗ አሠሪውን፣ ቀበሌውንና ጤና ጣቢያውን ልጅቷን ወክላ ማነጋገር ትችል ነበር።

## ክርክሮችና ገደቦች

ትስስር ሁሉ መልካም አይደለም። አሌሃንድሮ ፖርቴስ በ1998 እንዳስገነዘበው ጠንካራ ቡድን ውጭ ያለውን ሊያገል፣ አባሉን ከአቅሙ በላይ ሊያስከፍል፣ የግል ነጻነቱንም ሊገድብ ይችላል። ልጃገረድን ያለዕድሜዋ የሚድራት የተሳሰረ ቤተ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ወጣትን ወደ ወንጀል የሚስበውም ብዙ ጊዜ ጓደኛ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ድሃ ኅብረተሰብ ተደጋጋፊ ስለሆነ ብቸኝነት የለበትም የሚለውን እምነት ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ13 እስከ 29 ዓመት ካሉት ከ17 እስከ 21 በመቶው ብቸኝነት እንደሚሰማቸው ገልጿል። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ብቸኝነት የሚሰማቸው ሰዎች ድርሻ 24 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ይህ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች እጥፍ ያህል ነው።

ሦስተኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ማን ማንን እንደሚያውቅ የሚያሳይ መረብ በተሳሳተ እጅ ከገባ ጉዳት ያስከትላል። ሌሊት የምታድሪበት አለሽ ተብላ ተጠይቃ የለኝም ያለች ልጅም መልሷን ከመመዝገብ ያለፈ ነገር ይገባታል። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ከመጠይቁ ጋር የአገልግሎት መረጃ ወይም ወደ ረጂ ተቋም የመላኪያ መንገድ አብሮ እንዲዘጋጅ ይጠይቃሉ።

## ይህንንም ይመልከቱ

- እድር
- እቁብ
- ደቦ
- ማኅበራዊ ካፒታል
- ያለዕድሜ ጋብቻ